ሁጎ ፕራትን ከየት እንጀምር? ስድስት ምርጫዎች ለአዲስ አንባቢ ሲነጻጸሩ

ጣሊያናዊውን የኮሚክ ሠዓሊ ሁጎ ፕራትን ለማንበብ የተነሣ ኢትዮጵያዊ መጀመሪያ የትኛውን መጽሐፍ እንደሚያነሣ መገመት አይከብድም። መደርደሪያው ላይ «ኢትዮጵያዊው» የሚል ርእስ ያያል፤ እጁ ወደዚያው ይሄዳል። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ሃያ ገጽ ሳልሄድ ግራ ገባኝ። ታሪኩ የሚካሄደው የመን ነው፤ ዋናው ሰው የማልታ መርከበኛ ነው፤ ሰውየው ማን እንደሆነና እዚያ ምን እንደሚሠራ የሚነግረኝ የለም። መጽሐፉን ዘግቼ አንድ ዓመት ያህል ሳልነካው ቀረሁ። መጽሐፉ ምንም አላጠፋም። በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ተራ መነበብ ያለበትን እኔ አስቀድሜው ነው።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ሌላው ሰው ያንን ዓመት እንዳያባክን ብዬ ነው። «ዓ.ም.» የሚል ካልተጨመረበት በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ሰውየው፣ ለምርጫው የሚያስፈልገውን ያህል

ፕራት በ1927 ሪሚኒ አካባቢ ተወለደ፤ ያደገው ግን ቬኒስ ነው። አባቱ ወታደር ነበር። በ1937፣ ማለትም የየካቲት 12 ጭፍጨፋ በተፈጸመበት ዓመት፣ ከእናቱ ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አባቱ በቅኝ ገዢው ፖሊስ ውስጥ አስገባው። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ ልጁ 14 ዓመት እንኳ አልሞላውም። አባትየው በእንግሊዞች ተማርኮ በ1942 በምርኮ ላይ ሞተ። እናትና ልጅ ድሬዳዋ በነበረው የእስረኞች ካምፕ ቆይተው በ1943 ወደ ጣሊያን ተመለሱ።

ጦርነቱ ሲያበቃ ቬኒስ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር በ1945 «አሶ ዲ ፒኬ» የሚል የኮሚክ መጽሔት አወጡ። በ1949 ቦነስ አይረስ ገባና እዚያ ከአሥር ዓመት በላይ ሠራ። በመሃል ለንደን ላይ ለእንግሊዞች የጦርነት ኮሚክ ሲስል ከርሟል። በ1962 ወደ ጣሊያን ተመለሰ። በ1967 ፍሎሬንዞ ኢቫልዲ የሚባል የጄኖዋ ባለሀብት ገንዘብ አውጥቶ መጽሔት ሲከፍትለት፣ በዚያው መጽሔት ላይ ኮርቶ ማልቴዜ የሚባለው መርከበኛ ተወለደ። ፕራት ያኔ 40 ዓመቱ ነበር። በ1970 ሥራው ወደ ፈረንሳይ ተሻገረ። የመጨረሻ ዓመታቱን ስዊዘርላንድ ውስጥ አሳልፎ በ1995 እዚያው ዐረፈ።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት አንድ ነገር ለማለት ነው። ፕራት አራት አገር ላይ በአራት ዓይነት እጅ የሣለ ሰው ስለሆነ «አንዱን ካነበብኩ ሁሉንም አውቃለሁ» የሚባልለት አይደለም።

በምን እንመዝናቸው?

አምስት መመዘኛ ይዣለሁ። አንደኛው፣ መጽሐፉ ሌላ ሳያስነብብ ለብቻው ይቆማል ወይ? ሁለተኛው የንባብ ክብደት ነው። አንዳንዱ በሁለት ሰዓት ያልቃል፤ አንዳንዱ ደግሞ የጄኔራልና የባሮን ስም እየቆጠሩ የሚሄዱበት ነው። ሦስተኛው የሥዕሉ ዘመን ነው፤ ይኸውም የፕራት መስመር ገና በዝርዝር የተሞላ ነው ወይስ ወደ ሁለትና ሦስት ጭረት ወርዷል የሚለው። አራተኛው ለእኛ ታሪክ ያለው ቅርበት ነው። አምስተኛው ውፍረትና ዋጋ ነው፤ እነዚህ መጻሕፍት ወደ አገር ቤት የሚገቡት በአብዛኛው በሰው ሻንጣ ስለሆነ ክብደቱም ይታሰባል።

«የትኛው ነው የሚያምረው?» የሚለውን መመዘኛ አላደረግኩትም። እሱ ጠብ ያመጣል እንጂ ለመግዛት አይረዳም።

«የጨዋማው ባሕር ባላድ»

ከ1967 ጀምሮ በተከታታይ የወጣ፣ ከ160 ገጽ በላይ ያለው ረጅም ታሪክ ነው። የሚካሄደው ደቡብ ፓስፊክ ላይ ነው፤ የሚጀምረውም አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊፈነዳ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በኅዳር 1913 ነው። ታሪኩን ማውራት የሚጀምረው ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ፓስፊክ ውቅያኖስ ራሱ ነው። «እኔ ነኝ» ብሎ ይነሣል። ከዚያ ራስፑቲን የሚባል ወንበዴ በጀልባው ሲያልፍ ባሕር ላይ የሚንሳፈፉ ሁለት ወጣቶችን ያገኛል፤ ኬይንና ፓንዶራ ይባላሉ። ቀጥሎ ኮርቶ ማልቴዜ ይመጣል። አመጣጡ የጀግና አመጣጥ አይደለም። መርከበኞቹ አምፀውበት፣ እጁን ግራና ቀኝ ተወጥሮ በእንጨት ላይ ታስሮ፣ ማዕበል ሲያንገላታው ነው የምናገኘው።

ያንን ገጽ ቀረብ ብለው ይዩት። ባሕሩ ውኃ አይመስልም፤ ወፍራም ጥቁር የብሩሽ ጭረቶች እርስ በርስ ሲላተሙ ነው የሚታየው። ሰውየው ነጭ ሆኖ መሃላቸው ተሰቅሏል። ከላይ ያሉት የባሕር ወፎች እያንዳንዳቸው ሁለት ጭረት ናቸው። ዓይን ጭረቱን «ወፍ» ብሎ ያነበዋል እንጂ ወፍ አልተሣለም። ፕራት ከዚህ በኋላ ያሉትን ዓመታት በሙሉ ሌላውንም ነገር እንደነዚያ ወፎች ለመሣል የደከመ ይመስለኛል።

ይህ መጽሐፍ ለብቻው ሙሉ በሙሉ ይቆማል። ኮርቶ እዚህ ከብዙዎቹ አንዱ ነው እንጂ ዋናው ባለታሪክ አይደለም፤ ስለዚህ ቀድሞ ማወቅ የሚያስፈልግ ነገር የለም። ታሪኩ በተከታታይ የወጣው እስከ 1969 በመሆኑ፣ መጀመሪያው ላይ የታጨቀው መስመር ወደ መጨረሻው ሲላላና ሲፍታታ በአንድ ጥራዝ ውስጥ ይታያል። በ1976 አንጉሌም ላይ በተደረገው የፈረንሳይ የኮሚክ ፌስቲቫል ሽልማት አግኝቷል። ጉድለቱ ርዝመቱ ነው፤ መሃሉ ላይ ይንዛዛል። የፓስፊክ ደሴት ሰዎች አሣሣልም የዘመኑን አስተሳሰብ ጥሎ አልወጣም፤ ምንም እንኳ ክራኒዮና ታራኦ የሚባሉት ገጸ ባሕርያት ከነጮቹ ይልቅ ቁም ነገር ሲያወሩ ቢገኙም።

«ከጀዲ ምልክት ሥር»

እኔ ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ይህንን ነው። ፕራት ከ1970 ጀምሮ «ፒፍ ጋጄ» ለሚባለው የፈረንሳይ የልጆች መጽሔት ሃያ ሃያ ገጽ የሆኑ 21 አጫጭር ታሪኮች ሠራ። የመጀመሪያዎቹ ስድስቱ በዚህ ርእስ ተጠርዘዋል። ሱሪናም፣ ብራዚልና ካሪቢያን ላይ የሚካሄዱ ናቸው፤ ዘመኑ 1916ና 1917 ነው። ስታይነር የሚባል ጠጪ ፕሮፌሰር አለ፤ ቦካ ዶራታ የምትባል የባሂያ ጠንቋይ አለች፤ የአባቱንና የጠፋ አህጉር ምስጢር የሚከተል ትሪስታን የሚባል ልጅ አለ።

ሃያ ገጽ ለፕራት ጥሩ ልጓም ሆኖታል። ይንዛዛ የነበረው ሰው እዚህ ቆፍጠን ይላል። አንድ ታሪክ በቡና መሃል ያልቃል፤ ካልጣመዎት ቀጣዩ ሌላ ነው። ኮርቶ ማን እንደሆነም እዚህ በደንብ ይታወቃል፦ ስላቁ፣ ገንዘብ እወዳለሁ እያለ ገንዘቡን ጥሎ መሄዱ፣ ከተሸነፉት ጋር መቆሙ። ልጅ ሳለ አንዲት የኮርዶባ ጠንቋይ መዳፉን አይታ የዕድል መስመር የለህም ስትለው፣ የአባቱን ምላጭ አምጥቶ መስመሩን በገዛ እጁ የቀደደ ሰው ነው። «ዕጣ ፈንታዬ ነው» ብሎ ለማያውቅ ባለታሪክ ከዚህ የተሻለ መግቢያ አይገኝም።

«ኬልቶቹ» የሚባለው ጥራዝም ከነዚያው 21 ታሪኮች ስድስቱን ይዟል፤ አየርላንድና የአውሮፓ የጦር ግንባር ላይ ናቸው። ጀዲን ከወደዱ ይቀጥሉበት። በሱ መጀመር ግን የእንግሊዝ አፈ ታሪክ ለማያውቅ ሰው ቀልዱን ያስመልጣል።

«ኢትዮጵያዊው»

አሁን ወደኛው መጽሐፍ። በጣሊያንኛ «ሌ ኤቲዮፒኬ» ነው፤ ብዙ ቁጥር ነው፣ «ኢትዮጵያ ነክ ታሪኮች» እንደ ማለት። በእንግሊዝኛ ወደ ነጠላ መለሱትና አንባቢ አንድ ኢትዮጵያዊ ጀግና እንዲጠብቅ አደረጉት። የያዘው ከ21ዱ የመጨረሻዎቹን አራት ነው። አንዱ የመን ነው፤ ከቱርኮች ምሽግ አንድ የዐረብ ልዑል ለማስፈታት የሚደረግ ዘመቻ። ሁለተኛው የእንግሊዝ ሶማሊላንድ ነው። ሦስተኛው የኛው በረሃ ነው፤ ሻማኤል የሚባል የሐበሻ ጠንቋይ ያለበት። አራተኛው ዛሬ ታንዛኒያ በሚባለው አገር፣ ሩፊጂ ወንዝ ዳር፣ የነብር ሰዎች ስለሚባሉ ምስጢረኞች ነው። ስለዚህ ርእሱን ብቻ አይቶ ኢትዮጵያን የፈለገ ሰው ከአራት አንድ ያገኛል።

ይህም ሆኖ መጽሐፉን ጥዬ አልጥለውም፤ ምክንያቱ ኩሽ ነው። ኩሽ የበረሃው ተዋጊ ነው፤ ሙስሊም ነው፤ ትርጉሞቹ «ዳንካሊ» ይሉታል። (ይህ ስም ሌላው ያወጣላቸው ነው። ባለቤቶቹ አፋር ነን ይላሉ፤ ያኛውንም አይወዱትም። ስታነቡ በልባችሁ አስተካክሉት።) ኩሽ የኮርቶ አሽከር አይደለም፤ መንገድ መሪም አይደለም። ይከራከረዋል፣ ይንቀዋል፣ ነጮች እርስ በርስ ሲተላለቁ አፍሪካዊው ለምን ደሙን እንደሚያፈስ ይጠይቀዋል። ለፈረንሳይ ልጆች በሚወጣ መጽሔት ላይ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ አንድ አፍሪካዊ ገጸ ባሕርይ ከዋናው ባለታሪክ እኩል ቆሞ ሲናገር ማየት ትንሽ ነገር አይደለም።

ሆኖም ሌላውንም ማወቅ አለብን። ፕራት አገራችንን ያወቀው በወራሪው ሠራዊት ቤት ያለ ልጅ ሆኖ ነው። ልጅ ደግሞ የሚያየው መለዮውን ነው፦ ቆቡን፣ ላባውን፣ ቀበቶውን፣ የግመል ኮርቻውን። በሥዕሉ ውስጥ የእያንዳንዱ ጦር ዩኒፎርም እስከ ቁልፉ ድረስ ትክክል ነው፤ ሠዓሊዎች የሚያደንቁለትም በዚህ ነው። ቤቱ የተቃጠለበት ገበሬ ግን የት አለ? ደጋው፣ አርበኛው፣ ከተማው የለም። ፕራት በረሃውን ነው የወሰደው፤ በረሃው ባዶ ስለሚመስልና ነጭ ወረቀት ስለሚተውለት ይመስለኛል። ፕራት ክፉ አይደለም፤ ፋሺዝምንም ሲያፌዝበት ነው የኖረው። ነገር ግን አያቱ የአምስቱ ዓመት አርበኛ የነበረ አንባቢ የአያቱን ታሪክ እዚህ አያገኝም።

ውፍረቱ ከሌሎቹ ያንሳል፤ 80 ገጽ ገደማ ነው። ዋጋው ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። በሁለተኛ ተራ ያንብቡት።

«ኮርቶ ማልቴዜ በሳይቤሪያ»

ከ1974 ጀምሮ የወጣ ነው። የሩሲያ የርስ በርስ ጦርነት፣ የአድሚራል ኮልቻክ የወርቅ ባቡር፣ የቻይና ምስጢራዊ ማኅበራት፣ ባሮን ኡንገርን የሚባለው እብድ የጦር አበጋዝ፣ ሁሉም በአንድ ላይ። በረዶው ላይ ባቡሮች ሲፋጠጡ የሚታይበት ክፍል ከሠራቸው ሁሉ የላቀ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔም አልከራከርም። ግን የ1918ቱን ሳይቤሪያ ማን ከማን ጋር እንደሚዋጋ የማያውቅ ሰው በየሦስት ገጹ ወደ ኋላ ይመለሳል። ታሪክ ለሚወድ፣ ትዕግሥት ላለው።

«የበረሃ ጊንጦች»

እዚህ ኮርቶ የለም። ባለታሪኩ ኮይንስኪ የሚባል ፖላንዳዊ መኮንን ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከእንግሊዞች የበረሃ ቃኚ ክፍል ጋር ሆኖ ከጣሊያንና ከጀርመን ይዋጋል። ጅማሬው ሰሜን አፍሪካ ነው፤ ኋላ ታሪኩ ወደ ቀይ ባሕር ጠረፍና ወደ አፋር በረሃ ይወርዳል። ከክፍሎቹ አንዱ በዚያ በረሃ ባለ የጣሊያን ምሽግ ዙሪያ ነው። ኩሽም እዚህ ተመልሶ ይመጣል፤ ዕድሜ ጨምሮ።

የ1933 ዓ.ም.ን ዘመቻ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ከ«ኢትዮጵያዊው» ይልቅ ይህ ይቀርበዋል። ፕራት ራሱ በዓይኑ ያየው ጦርነት ነው፤ የኢጣሊያ ግዛት ሲፈርስ ልጁ ውስጡ ነበር። ጣሊያኖቹን እንደ አውሬም እንደ ጀግናም አይሥላቸውም፤ ከቤታቸው ርቀው፣ ማንም ረስቷቸው፣ ለምን እዚያ እንዳሉ ራሳቸውም የጠፋባቸው ሰዎች ናቸው። ኮይንስኪ ደግሞ እንደ ኮርቶ ልበ ሩኅሩኅ አይደለም። ሰው ይገድላል፤ ሲጋራውን ይለኩሳል። ለልጅ አይሰጥም።

ክፍሎቹ ከ1969 እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ተበታትነው የተሠሩ ስለሆኑ መጀመሪያውና መጨረሻው የአንድ ሰው እጅ አይመስልም። ፊት የነበረው ጥላና ዝርዝር ኋላ ላይ አንድ አግድም መስመርና አንድ ነጥብ ይሆናል፦ በረሃና ግመል። በእንግሊዝኛ ማግኘቱ ያደክማል፤ ፈረንሳይኛ ወይም ጣሊያንኛ የሚያነብ ሰው ይቀለዋል።

የአርጀንቲና ሥራዎች

«ሰርጀንት ከርክ»፣ «ኤርኒ ፓይክ»፣ «ቲኮንዴሮጋ»። ድርሰታቸው የሄክቶር ኦስተርሄልድ ነው፤ ፕራት ሠዓሊ ብቻ ነበር። የጦር ዘጋቢው ኤርኒ ፓይክ ፊቱ የኦስተርሄልድ የራሱ ፊት ነው። ደራሲው በ1977 በወታደራዊው መንግሥት ታፍኖ ጠፋ፤ አራት ሴት ልጆቹም እንዲሁ። ይህን ካወቁ በኋላ ያንን ፊት በየገጹ ማየት ይከብዳል። ሥዕሉ የፕራት ወጣትነት ነው፤ በጥላና በዝርዝር የተሞላ፣ የአሜሪካዊው የኮሚክ ሠዓሊ የሚልተን ካኒፍ ተጽዕኖ የሚያስታውቅበት። ስፓኒሽ ወይም ጣሊያንኛ ለማይችል ሰው አልመክርም።

በአንድ ሰንጠረዥ

| መጽሐፍ | የሚካሄድበት | ለብቻው ይቆማል? | የንባብ ክብደት | ለእኛ ታሪክ ቅርበት | ውፍረት |
|---|---|---|---|---|---|
| የጨዋማው ባሕር ባላድ | ፓስፊክ፣ 1913–15 | አዎ | መካከለኛ | የለም | ወፍራም |
| ከጀዲ ምልክት ሥር | ደቡብ አሜሪካና ካሪቢያን | አዎ | ቀላል | የለም | መካከለኛ |
| ኢትዮጵያዊው | የመንና ምሥራቅ አፍሪካ | በግማሽ | ቀላል | አለ፣ በከፊል | ቀጭን |
| በሳይቤሪያ | ሩሲያና ቻይና ጠረፍ | አዎ፣ ግን | ከባድ | የለም | መካከለኛ |
| የበረሃ ጊንጦች | ሰሜን አፍሪካና አፋር በረሃ | አዎ | መካከለኛ | ከሁሉም የቀረበ | ብዙ ክፍል |
| የአርጀንቲና ሥራዎች | የተለያየ | አዎ | ቀላል | የለም | ይለያያል |

እትሙን መምረጥ

መጽሐፉን ከመምረጥ ያልተናነሰ ራስ ምታት ይህ ነው። አንድ ጊዜ ከኢንተርኔት ሻጭ ርካሽ «ባላድ» አዘዝኩ። የመጣልኝ የኪስ መጠን ያለው ነበር፤ አሳታሚው ሳጥኖቹን ከገጹ ቆርጦ እንደገና ደርድሯቸዋል፤ እንዲገጥሙለትም ዳርዳራቸውን ከርክሟል። ያ የታሰረው ሰውዬ ከባሕሩ ግማሹ ተወስዶበት መጣ። ጽሑፉ ሁሉ አለ፤ ሥዕሉ ግን ትንፋሽ አጥሮታል።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የውስጥ ገጽ ፎቶ ጠይቁ። «ባላድ»ን የመሰለው የፕራት ገጽ ባብዛኛው በአራት ረድፍ የተሠራ ነው፤ ሦስት ወይም ሁለት ረድፍ ካያችሁ ተጠራጠሩ። ጥቁርና ነጭ ወይስ ባለ ቀለም? እኔ ጥቁርና ነጭ ባይ ነኝ፤ የብሩሹ ጉልበት የሚታየው ያኔ ነው። ቀለሙም ግን በማንም እጅ የተቀባ አይደለም፤ ብዙውን የሠራችው ለዓመታት ከፕራት ጋር የሠራችው ፓትሪሲያ ዛኖቲ ናት። ለልጅ ወይም ኮሚክ ለማያውቅ ሰው ስጦታ ከሆነ ባለ ቀለሙ ይሻላል። በእንግሊዝኛ ከ2014 ጀምሮ ኮርቶ በ12 ቅጽ፣ በትልቅ መጠን፣ በጥቁርና ነጭ ወጥቷል፤ የሚታመነው እሱ ነው።

እንግዲህ የትኛውን?

አንድ ብቻ መግዛት ከቻላችሁና ኮሚክ የማንበብ ልምድ ከሌላችሁ ጀዲን። ልብ ወለድ የምትወዱ፣ ረጅም ነገር የማይሰለቻችሁ፣ «ባላድ»ን። የ1933 ዓ.ም. ዘመቻ ከሆነ የሚስባችሁ ቋንቋው ከፈቀደ «የበረሃ ጊንጦች»ን፤ ካልፈቀደ ጀዲን አስቀድማችሁ «ኢትዮጵያዊው»ን አስከትሉ። ሥዕል የምትማሩ ልጆች ካላችሁ ከባላዱ አንድ፣ ከጊንጦቹ የመጨረሻውን አንድ ጎን ለጎን አድርጋችሁ አሳዩአቸው፤ መስመር መቀነስ ምን ማለት እንደሆነ ከመምህር ገለጻ በላይ ይገባቸዋል። ልጁ ግን ቢያንስ 13 ዓመት ይሙላው፤ ሲጋራው፣ ጥይቱና ግድያው አይጣል ነው።

ገንዘብ ለሌለው፣ አውሮፓና አሜሪካ ያላችሁ የሰፈራችሁን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ፤ መደርደሪያቸው ላይ ባይኖር ከሌላ ቅርንጫፍ ያስመጡላችኋል። ፈረንሳይና ጣሊያን ያለ ሰው ደግሞ ያገለገሉ መጻሕፍት ገበያ ላይ በግማሽ ዋጋ ያገኛል፤ የድሮ እትም ጥርዙ ስለሚለቅ ጀርባውን ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል።

አንድ ጥንቃቄ ደግሞ፦ ከ2015 ወዲህ ኮርቶ ማልቴዜን ስፔናውያኑ ሁዋን ዲያስ ካናሌስና ሩበን ፔሌሄሮ እየቀጠሉት ነው። መጥፎ አይደሉም። ግን ሽፋኑ ላይ የኮርቶ ስም በትልቁ ስለሚጻፍ ሳያስተውሉ ገዝተው የሚመለሱ አሉ። ፕራትን ከሆነ የፈለጋችሁት በትንንሹ የተጻፈውን ስም አንብቡ።